ካምሻፍት በራስ እጅ መቀየር፦ የትኛው ሞተር በግማሽ ቀን ያልቃል፣ የትኛውስ ሳምንት ያስቆማል?

"ካምሻፍት ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብላችሁ ሁለት ሰው ብትጠይቁ፣ አንዱ "ግማሽ ቀን" ሌላው "ሳምንት" ሊላችሁ ይችላል። ማናቸውም አልዋሹም። የመጀመሪያው ላዳ ፈትቶ ያውቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሺም (የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከልበት ክብ ብረት) ፍለጋ የቆመ ሚኒባስ ወይም ካቴናው ወደ ውስጥ የወደቀበት ቪትዝ ገጥሞታል። ካምሻፍቱ ራሱ፣ ማለትም በጉብታዎቹ የሞተሩን ቫልቮች እየገፋ የሚከፍተው ዘንግ፣ ከቦታው ለመነሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ሰዓቱን የሚበሉት እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ነገር፣ አዲሱ ከገባ በኋላ የሚለካው ክፍተት እና የሚጠበቀው ዕቃ ናቸው። "ልሞክረው ወይስ ለጋራዥ ልስጠው?" የሚለው ምርጫም ከድፍረታችሁ በፊት በሞተሩ ዓይነት ላይ ይወሰናል።

ከዚህ በታች የምሰጠው የጊዜ ግምት ሞተር ከፍቶ ለሚያውቅ፣ በዚህ ሞተር ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ነው። ዕቃው ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ መሣሪያውም ተሟልቷል ብዬ ነው የማስበው። እንግዲህ የድሮው ላዳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ናፍጣ ሞተር ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ሺም ፍለጋው ሳይጨመር። ባለ 16 ቫልቭ ቤንዚን ኮሮላ ሙሉ ቀን፣ ካቴና ያለው ቪትዝ ወይም ያሪስ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የሼቭሮሌት ቪ8 ቅዳሜና እሁድን ይወስዳል፤ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያስነሳ ጣጣ ካለው ግን ያ በእጥፍ ይሄዳል። በዚህ ሥራ የሚተዳደር መካኒክ እነዚህን ሁሉ በግማሽ ጊዜ ይጨርሳቸዋል፤ ከእሱ ጋር አትወዳደሩ።

መጀመሪያ ጥፋተኛው ካምሻፍቱ መሆኑን አረጋግጡ

ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሁሉ ከካምሻፍት አይመጣም። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጋስኬት ሲያሾልክ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ልክ እንደ ላላ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ድምፁ ይቀንሳል። ናፍጣ ላይ የአንድ ኖዝል መበላሸት ብዙ ሰው አሳስቷል። የቫልቭ ክፍተት (በጉብታውና ጉብታው በሚገፋው ክፍል መካከል የሚተወው ትንሽ ርቀት) ብቻ ሰፍቶም ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ በማስተካከል ይድናል። ተስተካክሎ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ቫልቭ ላይ ድምፁ ከተመለሰ ግን ብረቱ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ቁርጡን ለማወቅ የቫልቭ ክዳኑን አንሱ። በአብዛኛው ሞተር ላይ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱን ጉብታ በብርሃን ተመልከቱ። ጤነኛ ጉብታ ለስላሳና ወጥ ሆኖ ያበራል። የታመመው ጫፉ ጠፍጥፎ፣ ጭረት አውጥቶ ወይም እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሮ ይታያል። ካሊፐር ካላችሁ የአስገቢ ቫልቮቹን ጉብታዎች ቁመት እርስ በርስ፣ የአስወጪዎቹንም እንዲሁ እርስ በርስ አወዳድሩ። አንዱ ከወንድሞቹ ካጠረ ክርክሩ አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ለምን ተበላ? ካምሻፍትን የሚገድለው በአብዛኛው የዘይት እጥረት ነው። የደፈነ የዘይት ቀዳዳ፣ የደከመ የዘይት ፓምፕ፣ ጊዜው አልፎ እንደ ሬንጅ የወፈረ ዘይት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳታገኙ አዲሱን ብታስገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ ትደግማላችሁ። ለዚህ ምርመራ አንድ ሰዓት መድቡ፤ በግምቶቼ ውስጥ አልጨመርኩትም።

ላዳ፦ ራሳችሁ ብትሠሩት የሚያዋጣው

የአዲስ አበባን መንገድ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ላዳ መነሻው የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ተዋውለው በ1970 ምርት ሲጀምሩ ሞተሩን እንዳለ አልወሰዱትም። የፊያቱ ካምሻፍት ታች ብሎኩ ውስጥ ነበር፤ ለላዳ ወደ ላይ፣ ቴስታታው ላይ ወጣ። በዚህ ለውጥ ዛሬ የምንጠቀመው እኛ ነን። ካምሻፍቱ የተቀመጠው ለብቻው በሚነሳ የአሉሚኒየም አልጋ ውስጥ ነው፤ አልጋውን ቴስታታው ላይ የያዙት ዘጠኝ ዳዶዎች ብቻ ናቸው። ራዲያተር አይነሳም፣ ቴስታታ አይከፈትም፣ ውኃ አይፈስም። የካቴናውም የፊት ሽፋን ባለበት ይቀራል።

የሚያስፈልገው የመፍቻ ቁጥር 10፣ 13 እና 17 ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የታችኛውን ዘንግ) ለማዞር የ38 መፍቻ ይጨመራል፤ እሱ ከሌለ መኪናውን አራተኛ ማርሽ አስገብቶ በቀስታ መግፋት ይቻላል። የአየር ፊልትሮው ቤት ይነሳል፣ የቫልቭ ክዳኑ ስምንት ዳዶ ይፈታል፣ ከዚያ ሞተሩ ምልክት ላይ ይቆማል፦ የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለው ነጥብ አልጋው ላይ ካለው ጉብ ያለ ምልክት ጋር፣ የክራንክሻፍቱ ፑሊ ምልክት ደግሞ ሽፋኑ ላይ ካሉት ሦስት ጭረቶች ከረጅሙ ጋር ይገጥማል። ይህን ሳያደርጉ መፍታት የጀመሩ ሰዎች ናቸው "ሳምንት ፈጀብኝ" የሚሉት።

ቀጥሎ የካቴናው መወጠሪያ ዳዶ ላላ ይደረግና ካቴናው በካቻቢቴ እጀታ ወደ ጎን ተገፍቶ ዳዶው መልሶ ይጠብቃል። ጥርሱን ከካምሻፍቱ ከማላቀቃችሁ በፊት ካቴናውንና ጥርሱን በሽቦ አንድ ላይ እሰሩ። ላዳ ታች ካቴናው ከክራንክሻፍቱ ጥርስ እንዳይወጣ የሚከለክል ጣት አለው፤ ቢሆንም በእሱ ተማምናችሁ ሽቦውን አትተዉ። ዘጠኙ ዳዶዎች ከዳር ወደ መሃል ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይላላሉ፣ አልጋው ከነካምሻፍቱ ይነሳል። እስከዚህ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው።

አልጋው ሲነሳ መሃል ላይ ያለውን የዘይት ቀዳዳ እዩ። ዘይቱ ከቴስታታው ወደ መሃለኛው ማረፊያ ገብቶ፣ በካምሻፍቱ ሆድ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ጉብታዎቹ የሚወጣው። ይህ መንገድ በቆሻሻ ሲዘጋ ስምንቱም ጉብታዎች ይደርቃሉ። በቀጭን ሽቦና በአየር አጽዱት።

አዲስ ካምሻፍት ከአሮጌ ሮከር (ጉብታው ሲገፋው ቫልቩን ከሚጫነው ክንድ) ጋር አታጋቡ። ሁለቱ ተፋጭተው የሚኖሩ ናቸው፤ የተበላው ሮከር አዲሱን ጉብታ እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ሲገጠም ዳዶዎቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች ይጠብቃሉ፤ ልኩ 2 ኪሎ ግራም ሜትር አካባቢ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ "በደንብ ይያዝ" ተብሎ በጉልበት የተሳበ ዳዶ ክሩን ይዞት ይወጣል።

ከዚያ ቫልቭ ማስተካከል ይመጣል፤ ለጀማሪ ረጅሙ ክፍል ይህ ነው። ላዳ ላይ ክፍተቱ ለአስገቢውም ለአስወጪውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው ሰፊው፣ ለላዳ ተብሎ የተሠራው ምላጭ ቢሆን ይመረጣል፤ በጠባቡ ምላጭ ሮከሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ያታልላል። ምልክቱ ሲገጥም ከፊት ተቆጥሮ 6ኛውና 8ኛው ይስተካከላሉ። ክራንክሻፍቱ ግማሽ ዙር ሲዞር 4ኛውና 7ኛው፣ በቀጣዩ ግማሽ ዙር 1ኛውና 3ኛው፣ በመጨረሻው ግማሽ ዙር 2ኛውና 5ኛው። በ17 መፍቻ መቆለፊያውን ይዛችሁ በ13 ታዞራላችሁ፤ መቆለፊያውን ስታጠብቁ ክፍተቱ ስለሚሸሽ መልሳችሁ ለኩ። እጅ እስኪለምድ ድረስ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ የራሳችሁ ሙያ ነው።

ስለ ላዳ ይህን ያህል የተረኩት ሥራ ላይ ሆኖ ለመማር ከዚህ የተሻለ ሞተር ስለማላውቅ ነው። ሁሉ ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል።

የቶዮታ ናፍጣ፦ ቀኑ ይበቃል፣ ሺሙ ካለ

ሃይሉክስና ሃይስ ሚኒባስ ላይ የምናውቃቸው 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮችም ካምሻፍታቸው አንድ ነው፣ ላይ ነው የተቀመጠው። ከላዳ የሚለዩት በሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም ሰዓት ይጨምራሉ።

አንደኛው ቺንጋው ነው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ የናፍጣውን ፓምፕም ያዞራል። ስለዚህ ምልክት የሚጠበቀው በሦስት ቦታ ነው፤ ክራንክሻፍት፣ ካምሻፍት እና ፓምፕ። አንድ ጥርስ መዝለል ላዳ ላይ ሞተሩን ያደክመዋል፤ እዚህ ግን ቫልቭና ፒስተን ሊገናኙ ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ሙሉ ሞተር ጥገና ይሆናል። ቺንጋውን ከነካችሁ አይቀር አዲስ አስገቡ፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታና የካምሻፍቱን የፊት ኦይል ሲልም አብራችሁ ቀይሩ። ቶዮታ ለእነዚህ ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ቺንጋ እንዲቀየር መብራት ያበራል፤ ካምሻፍት ለመቀየር ከፍታችሁ አሮጌውን መመለስ ያንኑ ሽፋን በቅርቡ ደግሞ ለመፍታት መፈረም ነው።

ሁለተኛው ሺሙ ነው። ላዳ ላይ ክፍተቱ በብሎን ይስተካከላል፤ እዚህ ግን ታፔቱ (በጉብታውና በቫልቩ መካከል ያለው ኩባያ መሰል ክፍል) አናት ላይ በተቀመጠ፣ ሳንቲም በመሰለ ክብ ብረት ውፍረት ነው የሚስተካከለው። ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር ለአስገቢው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ለአስወጪው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ካምሻፍት ሲገባ የቀድሞው ልክ አይሠራም። ካምሻፍቱን በአሮጌዎቹ ሺሞች ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ስምንቱንም ለክታችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ የአሮጌው ሺም ውፍረት ላይ የለካችሁትን ክፍተት ደምራችሁ የሚፈለገውን ክፍተት ትቀንሳላችሁ፤ የሚመጣው ቁጥር የሚያስፈልጋችሁ ሺም ነው። በመጀመሪያ ያላችሁን ሺሞች ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሌላው አቀያይሩ፤ ብዙ ጊዜ ስምንት ከመግዛት ሦስት ወይም አራት መግዛት ይበቃል።

ቀኑ ሳምንት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የምትፈልጉት ውፍረት ሶማሌ ተራ ባንዱ ሱቅ ሊኖር፣ በሌላው ላይኖር ይችላል፤ ስንት ቁጥር እንደምትፈልጉ የምታውቁት ደግሞ ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራውን ዓርብ ከሰዓት ብትጀምሩትና ልኬቱን ማታ ብትጨርሱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሱቆች ክፍት ሆነው ያገኟችኋል። እሁድ ጠዋት የጀመረ ሰው እስከ ሰኞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አምስቱ የካምሻፍት ማቀፊያዎች በቅደም ተከተል፣ ሩብ ሩብ ዙር እየተባለ ነው የሚፈቱት። የቫልቭ ስፕሪንጎቹ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፉ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ካምሻፍቱን ለሁለት ሊሰብረው ይችላል። ማቀፊያዎቹም ቁጥርና አቅጣጫ አላቸው፤ አይቀያየሩም።

ለሚኒባስ ባለቤት የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ቺንጋ በራሳችሁ ቀይራችሁ የምታውቁ ከሆነ ሥሩት። ካልሆነ መኪናው የዕለት እንጀራችሁ ነውና ለጋራዥ ስጡት፤ በቆመበት ቀን የምታጡት ገቢ የእጅ ዋጋውን ይበልጣል።

ባለ 16 ቫልቭ ቤንዚን፦ ሁለቱ ኮሮላዎች አይመሳሰሉም

4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው የድሮ ኮሮላ ሁለት ካምሻፍት አለው። ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በጥርስ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ ይዞራል። ያ ጥርስ በስፕሪንግ የተወጠረ ድርብ ጥርስ ስለሆነ ከመፍታታችሁ በፊት የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብታችሁ ሁለቱን መቆለፍ ግድ ነው። ይህን ብሎን የረሳ ሰው ጥርሱ ሲፈናጠር በድምፁ ያውቀዋል፤ መልሶ ለማጋጠምም ካምሻፍቱን ሞርሳ ላይ አስሮ መታገል ይጠብቀዋል። የማቀፊያዎቹ ብሎኖች የሚጠብቁት በ13 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ይህ በአጭር መፍቻ በሁለት ጣት የሚሳብ ጉልበት ነው። የዚህ ሞተር ደግነት ቺንጋው ቢበጠስም ሆነ ምልክቱ ቢሳሳት ፒስተንና ቫልቭ አለመገናኘታቸው ነው። ስህተት እዚህ ጊዜ ያስከፍላል እንጂ ሞተር አያስከፍልም። እንደ ናፍጣው ሁሉ ክፍተቱ በሺም ስለሚስተካከል ግን የሺም ፍለጋው አይቀርም፤ ቫልቮቹም አሥራ ስድስት ናቸው።

በኋላ የመጣው፣ ቪትዝ፣ ያሪስና አዲሱ ኮሮላ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ሌላ ታሪክ ነው። ቺንጋው ቀርቶ ካቴና ገብቷል፣ አስገቢው ካምሻፍት ጫፍ ላይ ደግሞ ቪቪቲ-አይ የተባለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ጊዜ ቀያሪ ተቀምጧል። ክፍተቱን የሚወስነው ሺም ሳይሆን የታፔቱ የራሱ ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ልኩ ሲሳት የሚገዛው ሙሉ ታፔት ይሆናል። ሁሉ ነገር በእቅዱ ከሄደ አንድ ቀን ይበቃል። ካቴናው ከእጅ አምልጦ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ከወረደ ግን የፊት ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ለዚያ የክራንክሻፍቱ ፑሊ ይነቀላል፣ የሞተሩ ማቆሚያ ተፈትቶ ሞተሩ ከታች በክሪክ ይደገፋል፣ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ አዲሱ ይቀባል፣ እስኪደርቅም ይጠበቃል። አንዱ ቀን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሞተሮች ላይ ጠዋት ሲነሱ የሚሰማው ኳኳታ ብዙ ጊዜ ከቪቪቲ-አይ ወይም ከላላ ካቴና ነው እንጂ ከካምሻፍቱ አይደለም። ቪትዝ ወይም ያሪስ ያላችሁ ሰዎች ሁለት መካኒክ አይቶ ካልተስማማ በስተቀር ካምሻፍት ለመግዛት አትቸኩሉ። ተረጋግጦ ከተገኘም ይህን ሥራ የመጀመሪያችሁ አታድርጉት።

ቪ8 ላላችሁ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች

የአሜሪካ ፒክአፕ ሞተር ላይ ካምሻፍቱ አሁንም ታች፣ ብሎኩ መሃል ነው። የሚወጣው በፊት በኩል ተስቦ ስለሆነ ከፊቱ ያለው ሁሉ ይነሳል፦ ራዲያተር፣ ማራገቢያ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የክራንክሻፍት ፑሊ፣ የፊት ሽፋን፤ አንዳንዱ ላይ የኤሲው ኮንደንሰርና የፊት ግሪሉም ጭምር። ከሥራው ሰዓት ግማሹ ይህ ነው።

በድሮው ሼቭሮሌት 350 ላይ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ሲነሳ ሊፍተሮቹ (ጉብታዎቹ ላይ ተቀምጠው ግፊቱን ወደ ላይ የሚያሳልፉት ክፍሎች) ከላይ በእጅ ይወጣሉ፤ ቴስታታው አይነካም። ሁለት ቀን በቂ ነው። ችግሩ ከተገጠመ በኋላ ይመጣል። ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ሊፍተራቸው ጠፍጣፋ ነው፤ አዲስ ካምሻፍት ሲገባ ሊፍተሮቹም አዲስ መሆን አለባቸው፣ ሞተሩም እንደተነሳ ለ20 እስከ 30 ደቂቃ በ2,000 እና በ2,500 ዙር መካከል ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ዘይቱም ዚንክ ያለበት ይሁን። ሞተሩ ቶሎ ካልተነሳ፣ ማስጀመሪያው ደጋግሞ ካዞረው ወይም በዝቅተኛ ዙር ከተተወ አዲሱ ጉብታ በዚያው ሰዓት ይላጣል። ስለዚህ ካርቡራተሩ ነዳጅ ሞልቶ፣ የብልጭታው ጊዜ ተስተካክሎ፣ ራዲያተሩ ውኃ ይዞ ካልሆነ ቁልፍ አታዙሩ።

ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው የሼቭሮሌት ኤልኤስ የሞተር ቤተሰብ ሊፍተሩ ባለ ሮለር ስለሆነ ይህ ጭንቀት የለበትም። ደግሞም የሚያስደስት ብልሃት አለው፤ ሮከሮቹና ፑሽሮዶቹ (ከሊፍተር ወደ ሮከር የሚገፉት ቀጫጭን ዘንጎች) ወጥተው ካምሻፍቱ ጥቂት ዙር ሲዞር ሊፍተሮቹ ወደ ላይ ተገፍተው በፕላስቲክ ማቀፊያቸው ውስጥ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ካምሻፍቱም ቴስታታ ሳይነሳ ይወጣል። ማቀፊያው አርጅቶ ከላላ ግን አንድ ሊፍተር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ልምድ ያላቸው ከፊት በኩል ቀጫጭን ዘንጎች አስገብተው ከሥር ይደግፏቸዋል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ያሉ ብዙ 5.3 ሊትር ሲልቨራዶዎችና ታሆዎች ነዳጅ ለመቆጠብ አራት ሲሊንደር የሚያጠፋ ዘዴ አላቸው። ካምሻፍታቸው ሲበላ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ዘዴ ሊፍተር ነው። ሊፍተር ለመቀየር ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ ሁለቱም ቴስታታ መነሳት አለበት፣ የቴስታታው ብሎኖችም አንዴ ከጠበቁ በኋላ ዳግም አያገለግሉም። "ቅዳሜና እሁድ ይበቃል" ያለው ሰው የሠራው ሊፍተር ሳይቀይር ነው። የእናንተ ከሊፍተር የተነሳ ከሆነ አራት ቀን መድቡ፤ ካምሻፍቱን ብቻ ቀይሮ የታመመውን ሊፍተር መተው ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

የድምፁን ጉርምርምታ ለማሳመር ብቻ ትልቅ ካምሻፍት የሚያስገቡም አሉ። ያ ስፕሪንግ መቀየርና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተካከል ስለሚጨምር ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው።

የት እንዳላችሁም ይወስናል

አዲስ አበባ ውስጥ ከዕቃው ዋጋ አንጻር የእጅ ዋጋ ትንሽ ነው፣ የሚከፈለውም በሰዓት ሳይሆን በሥራው ተደራድሮ ነው። ስለዚህ ላዳ ካልሆነ በቀር በራስ መሥራት የሚያተርፈው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የሚያተርፈው የዕቃውን ጥራት ራሳችሁ አይታችሁ ማስገባታችሁ ነው። መሃለኛ መንገድም አለ፦ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ፣ አሮጌውን ተረከቡ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም።

አሜሪካ ይገለበጣል። ጋራዡ የሚያስከፍለው መጽሐፍ ላይ ለሥራው በተመደበው ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ መካኒኩ ፈጥኖ ቢጨርስም ሒሳቡ አይቀንስም። ካምሻፍት ላይ የእጅ ዋጋው ከዕቃው በእጅጉ ይበልጣል፤ በራስ መሥራት እውነተኛ ቁጠባ አለው። ፑሊ መንቀያና ቶርክ ሬንች የመሳሰሉትን በመያዣ ገንዘብ የሚያውሱ የመለዋወጫ መደብሮች ስላሉ መሣሪያ አለመኖር ሰበብ አይሆንም። ቦታው ግን ያስቸግራል። ብዙ የአፓርታማ ውሎች በማቆሚያው ቦታ መኪና መጠገን ይከለክላሉ፤ ሁለት ቀን ተከፍቶ የሚያድር ሞተር ይዞ እዚያ መገኘት መኪናን ለማስጎተት ምክንያት ይሆናል። ጋራዥ ያለው ቤት የሚኖር ዘመድ ካለ እሱ ጋ ውሰዱት።

ምኑ ይገዛ፦ ካምሻፍት ብቻ፣ ከነአልጋው፣ ሙሉ ቴስታታ ወይስ ሞተር?

ላዳ ላይ ከነአልጋውና ከነሮከሩ የተሸጠ ካምሻፍት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን የአልጋው ማረፊያዎች አዲስ ስለሆኑ የዘይት ግፊቱ ይመለሳል፣ ሥራውም በአንድ ሰዓት ያጥራል።

ቤንዚኖቹ ቶዮታዎች ላይ ካምሻፍቱ የሚዞረው ያለ ኩሽኔታ በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ነው። ማረፊያዎቹ በጥፍር የሚታወቅ ጭረት ካላቸው አዲስ ካምሻፍት ማስገባት አይጠቅምም፤ ዘይቱ በዚያ እየሾለከ አዲሱንም ያደርቀዋል። እዚህ ላይ ያገለገለ ሙሉ ቴስታታ ይመረጣል። ሰዓቱ ግን ይጨምራል፦ ውኃ ማፍሰስ፣ ማኒፎልዶችን ማላቀቅ፣ የቴስታታ ጋስኬት፣ ገጹን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል። ቶርኖ ቤቱ የሚወስደውን ሳትቆጥሩ ሁለት ቀን በሉት። ያገለገለ ቴስታታ ከመግዛታችሁ በፊት ማቀፊያዎቹን አስፈትታችሁ ማረፊያዎቹን እዩ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አሮጌውን ጉብታ ብየዳ ሞልቶ ማስቀረጽ ርካሽ ነው፣ ግን አልመክረውም። ጉብታው የሚኖረው ገጹ ላይ ባለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ በደንብ ያልጠነከረ ብየዳ ሮከሩን ይዞ ይወድቃል።

ሙሉ ሞተር መቀየር ለቪትዝ መሰል ትንንሽ መኪኖች አንዳንዴ ከቴስታታ ጥገና ይልቅ ይቀላል፤ ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ ኮምፕሬሽኑም የወረደ ከሆነ በተለይ። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ ግን አትርሱ። ሞተሩን የገዛችሁበትን ሕጋዊ ደረሰኝ ያዙ፣ ለውጡንም አስመዝግቡ፤ ካልሆነ ዓመታዊ ምርመራ ወይም ሽያጭ ላይ ይያዛል።

ሲጨርሱ

የትኛውም ሞተር ቢሆን ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እዩ። ቢጠጥር አታስገድዱት፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጉብታዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ቅባት ወይም ወፍራም ዘይት ተቀብቶ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የፓምፑ ዘይት ገና አይደርስም። ቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በማስጀመሪያው አዙሩት፣ ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሱ። የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት በአዲስ ተኩ፤ አሮጌው አያሾልክም ብሎ መመለስ ጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ያመጣል። ዘይቱና ፊልትሮው ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይቀየሩ፣ በዚያው ቀን ላዳ ያላችሁ ክፍተቱን ደግማችሁ ለኩ፤ አዲስ ሮከርና አዲስ ጉብታ እስኪላመዱ ድረስ ልኩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።